የቀኙ በር ስርጉድ

ያቃናል ስሙ አይደለም። ስሙንማ እናቱ ካወጣችለት ወዲህ ከእሷ በቀር የጠራው የለም። ሠፈሩም፣ ደንበኛውም፣ ነፍሷን ይማርና የገዛ ሚስቱም ሳትቀር ያቃናል ነበር የሚሉት። ባቲላሜራ ነው፤ የተጋጨ መኪና ተቀብሎ፣ ላሜራውን ቀጥቅጦ፣ አቃንቶና ቀብቶ፣ «የቱ ጋ ነበር የተጋጨሁት?» አሰኝቶ የሚመልስ። በእጁማ የሚታማ አልነበረም። ችግሩ ዓይኑ ነው፤ የተሰረጎደ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ሠርግ ተጠርቶ ሙሽሮቹን ትቶ የሙሽሮቹን መኪና ፓራፋንጎ ሲዳብስ የተገኘ ሰው ነው። የእህቱ ባል የተቀበረ ዕለት እንኳ፣ ያን ሁሉ እንባ እያፈሰሰ፣ መዳፉ የሬሳ መኪናውን በር ያሻሽ ነበር። አንዷ ለቀስተኛ አይታው «ወይ ሐዘን! ሳጥኑን አልለይም ብሎ እኮ ነው» አለች። ምን ሳጥኑን! በሩ ላይ ያለችውን ስርጉድ ነው እንጂ።

የእህቱን ባል ሁሉም ንፋሱ ይለው ነበር። በወጣትነቱ በተራራ መንገድ ላይ መኪና ይወዳደር ነበርና ስሙ ከዚያ ተረፈው። ለውድድር ብሎ የገዛት መኪና ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ስትነሳ የሠፈሩን ሕፃን በሙሉ ከእንቅልፉ የምትቀሰቅስ ነበረች። ያኔ ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ የሚያያትም ለመሳቅ ነው።

«አማትህን የት ልታስቀምጣት ነው?» ይሉታል።

«እሱን ብዬ አይደል የገዛኋት!» ይላል።

አማቱ ማለት የያቃናል እናት ናት። እሷም ትሰማና ከሁሉም አብልጣ ትስቃለች።

የመኪናዋ የቀኝ በር ላይ፣ ከእጀታው ሥር፣ መዳፍ የምታህል ስርጉድ ነበረች። ንፋሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሷን ታሪክ ሲያወራ ኖረ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደ፣ የድንጋይ ምሰሶ በሩን ገጨው፤ እሱ ግን እግሩን ከነዳጁ ላይ ሳያነሳ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ ወጣሁ ቢል ማንም አያምነውም ነበር፤ ሁለተኛ ስላለ ሁሉም አመነው።

ያቃናል ይህን ታሪክ በሰማ ቁጥር ታሪኩን ትቶ በሩን ያያል።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ አንድ ከሰዓት ብቻ ስጠኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺን በር የነካ እጁን ነው የምቆርጠው!»

እየሳቀ ነው የሚለው፤ ግን አይሰጥም። ያቃናልም አብሮ ይስቃል፤ ውስጡ ግን ይቆስላል። የአገሩን መኪና ሁሉ ላቃና፣ የእህቴ ግቢ ውስጥ ጠማማ በር ይቁም? ሙያዬን ንቆ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ይህን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው፤ ሆድም እንደ ልማዱ ያዘው እንጂ አልፈጀውም።

ንፋሱ ሞተ፤ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ቆመች። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃ ሲያረጅ ይረክሳል ነበር የምናውቀው፤ የዚች ግን እያረጀች ስትሄድ ዋጋዋ ይሰቀል ጀመር። አንድ ደላላ በየዓመቱ ብቅ እያለ ካምናው ያበጠ ዋጋ ይጠራል። እህትየው «አትሸጥም» ትለዋለች፤ ያቃናል ደግሞ ዋጋውን ሲሰማ አፉን ይዞ ይቀራል።

«ምን ነክቷቸው ነው ለዚህ ቆርቆሮ ይህን ሁሉ የሚከፍሉት?» አለው ደላላውን አንድ ቀን።

«ጋሽ ያቃናል፣ ያኔ በአጥር ቀዳዳ እያዩ ይጎመጁ የነበሩት ልጆች አደጉ» አለው ደላላው። «ሐኪም ሆኑ፣ ነጋዴ ሆኑ። አሁን ገንዘቡ አለ፤ ልጅነቱ ግን የለም። እሱን ነው የሚገዙት።»

መኪናዋ ስትወደድ ቤቱም አብሮ ተወደደ። እህቱ የምትኖርበት ቤት የኪራይ ነው። ልጇን የወለደችበት፣ ባሏን የሸኘችበት፣ ከድንጋይ ምሰሶው በር እስከ ጓሮው የሎሚ ዛፍ ድረስ ዓይኗን ጨፍና እንኳ የምትዞረው ቤት። አከራዩ ሞተና ልጆቹ መጡ። ክፉዎች አይደሉም፤ ግን የሚሸጥ ነገር እጃቸው ገብቷል። «ቅድሚያ ለእርስዎ ነው። ክረምቱ እስኪወጣ ይግዙት፤ ካልሆነ ግን ይልቀቁልን» አሏት። ያ ሁሉ ገንዘብ ደግሞ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሸራው ሥር። አንድ ቀን ሙሉ አልቅሳ ደላላውን ጠራችው። ደላላውም ፎቶ አንስቶ ሄደና ገዢ አገኘ፤ ልጇ ባለችበት ከተማ የሚኖር የጥርስ ሐኪም። ዋጋው ቤቱን ይገዛል፤ ተርፎም ጣሪያውን ያሳድሳል።

ልጇ ወልዳ ነበርና እህቱ ልትጠይቃት ስትነሳ ቁልፉን ለያቃናል ሰጠችው።

«ሐኪሙ ቅዳሜ ይመጣል። እኔም ከሱው ጋር እመለሳለሁ። አቧራውን ብቻ ጥረግላት። ሌላ ምንም እንዳትነካ፣ እሺ?»

«እሺ እትዬ።»

እሺ ይበል እንጂ፣ የሰማው ሌላ ነው። እትዬ መቼም ይሉኝታዋ! ታማ እንኳ «ደህና ነኝ» የምትል ሴት፤ ጠግባ ሳይሆን እንዳታስቸግር ብላ «በቃኝ» የምትል ሴት። «እንዳትነካ» ስትል «ወንድሜን አላደክምም፣ የቀለም ወጪ አላስወጣውም» ማለቷ ነው። ዕድሜ ልኩን ቃሏን ሲተረጉም ኖሯል፤ ይቺንም ተረጎማት። እህቱ ከአንድ ቤት በላይ የሆነ ነገር ልትሸጥ ነው፤ ታዲያ በተሰረጎደ በር ትሽጠው? ወንድሟ ያቃናል ሆኖ?

መኪናዋን ወደ ጋራዡ አስጎተታት፣ ደንበኞቹን «ሳምንት ተመለሱ» ብሎ ሸኘ፣ በሩን ዘጋ። የውስጡን ሽፋን ፈትቶ፣ በአንድ እጁ ከውጭ ብረት ደግፎ፣ በሌላው ከውስጥ በትንሿ መዶሻ ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ገፋት። ሠላሳ ዓመት ያቃዠችው ስርጉድ ሻይ ሳይጠጣ ወጣች። ስቱኮ እንኳ አልፈለገችም። ከዚያ በሩን ቢቀባው ከሌላው አካል ጋር አልሄድ አለ፤ የመኪናዋ ቀይ በፀሐይ ብዛት ጡብ መስሏል። ያቃናል ደግሞ ግማሽ ሥራ አያውቅም። ሙሉዋን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ የድሮውን ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ አውርዶ፣ በገዛ ገንዘቡ ከሁሉ የተወደደውን ቀይ ገዝቶ ቀባት። እየሠራ ያንጎራጉር ነበር። ሲጨርስ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄዶ አያት። እንባው መጣ።

«ይኸው ጋሼ» አለ ጮክ ብሎ። «ይኸው! አይነካም ነበር ያልከኝ?»

ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ወደ እህቱ ግቢ መልሶ፣ ሸራዋን አልብሶ፣ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ቆመ። የሐኪሙ መኪና ሲገባ እህቱ ከፊት ወርዳ «እንዴት ሰነበትክ?» ብላ ሳመችው። ሐኪሙ ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ፊቱ ግን ስጦታ ሊፈታ እንደቸኮለ ልጅ የሆነ ሰው ነው። መንገዱን ሙሉ ሲጫወቱ እንደመጡ ያስታውቃል፤ ሁለቱም ገና እየሳቁ ናቸው። ደላላው ከኋላቸው ደረሰ።

ያቃናል ሸራውን ገፈፈው።

ማንም አልተናገረም። ያቃናል ዝምታውን አድናቆት አደረገው። ሐኪሙ መኪናዋን በግራ በኩል ዞረ፣ በቀኝ በኩል ዞረ፣ በሩ አጠገብ ቆመና ጎንበስ አለ። እጁን ዘርግቶ ሳይነካ መለሰው።

«ማነው የቀባት?»

«እኔ!» አለ ያቃናል፣ አፉን ሞልቶ።

ሐኪሙ የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ግን አልቻለም። «አባቴ፣ ሥራዎት ያስደንቃል፤ አይዋሽም» አለ። «እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስተክል ነው የምውለው። ነጭ ነው፣ ደርዝ አለው፣ ከራሳቸው ያምራል። ግን የራሳቸው አይደለም። ከነድሮ ቀለሟ ያለች፣ ማንም ያልነካት ይቺ አንድ ብቻ ነበረች። እኔ ልጅ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን በኩል ስታልፍ ያየኋት እሷው ራሷ ነበረች። ስርጉዷም...» እህትየውን አየና አልጨረሰውም።

ደላላው የያቃናልን ክንድ ጨመቀው። «ምን አደረግክ፣ አንተ ሰውዬ? ዋጋዋ እኮ እሱ ነበር!»

ያቃናል እህቱን አያት። እህቱ መኪናዋን እያየች አልነበረም፤ በሩን፣ በሩን ብቻ ነበር የምታየው። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ይባል የለ? ይሄኛው ደግሞ እህቱን ሊኩል ሄዶ ነው ያጠፋው።

ሐኪሙ በመጨረሻ የሚከፍለውን ተናገረ። የፊተኛው ዋጋ ሲሶ ነው። «አስቡበት» ብሎ ሄደ። እህቱ «ደህና ግባ ልጄ» ብላ ሸኝታው ወደ ቤት ገባች። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። ያቃናል ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ሊያያት ሲመጣ ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከታለች።

«ምሳ በላህ?» አለችው።

«እትዬ...»

«ካልበላህ ድስቱ ውስጥ አለ።»

ጋዜጣው ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል። ከዚያ ቤት የወጣው አፈር የበላ መስሎ ነበር።

ደላላው ውጭ ቆሞ ጠበቀው። ሰይጣን ቀጠሮ አያፈርስም። «ስማ ጋሽ ያቃናል፣ ነገሩ ገና አላለቀም» አለው። «ባሕር ማዶ በፎቶ ብቻ የሚገዛ ሰው አለኝ። የድሮውን ፎቶ አይቶ አብዷል። አንተ ስርጉዷን መልሳት። ቀለሙን አደብዝዘው፣ አስረጀው። አንተ ከሠራኸው ማን ያውቅብሃል?»

«ውጣልኝ ከፊቴ! እኔ አርባ ዓመት ሳቃና ኖሬ አሁን ላጣምም? ሰው ላታልል?»

«እሺ አታታልል። እህትህ ዕቃዋን ትጠቅልል» አለና ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ያቃናል ሰኞን አላሳለፈም። የጋዜጣው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና መዶሻውን ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እህቱ ወደ ገበያ ወጣች ያለው ሰዓት ላይ ወደ ግቢዋ መጣ። ሸራውን ገለጠ። በሩ እንደ መስታወት ነው፤ የራሱ ፊት ይታየዋል። ስርጉዷን ለማስታወስ ፎቶ አላስፈለገውም። ሠላሳ ዓመት በዓይኑ ሲዳብሳት ኖሯል፤ የቱ ጋ እንደምትጠልቅ፣ የቱ ጋ እንደምትሳሳ፣ ጫፏ ላይ ያለችውን ጭረት ሳትቀር ያውቃታል። መዶሻውን አነሳ። መታ። ደግሞ መታ። ራሱ ያመመው ይመስል አቃሰተ።

ሲጨርስ ስርጉዷ ቁጭ እሷን። ዘወር ሲል እህቱ ዘንቢሏን እንደያዘች ከኋላው ቆማለች።

ቀረበች። መዳፏን ስርጉዷ ላይ አኖረች። ልክክ አለላት። ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያቃናልም «ተመስገን» ሊል አፉን ከፈተ።

«ማነው ይህን የመከረህ? ደላላው ነው?»

«አዎ። ሌላ ገዢ አለ ብሎ ነው እትዬ። የውድድሩን ስርጉድ...»

«የምን ውድድር?»

«ጋሼ... ኩርባው ላይ... ምሰሶው...»

«ምሰሶው ያውና» አለች፣ በአገጯ የግቢውን በር እያሳየች። «መኪና መንዳት ያምረኝ ነበር። ተኝቶ ሳለ ቁልፉን ሰርቄ አስነሳኋት። ከዚች በር እንኳ ሳልወጣ ድንጋዩ ላይ ለጠፍኳት። ቁጭ ብዬ ሳለቅስ በፒጃማው መጣ። በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። ‹ዛሬ ውድድር ነበረኝ ማለት ነው› አለኝ። ያን ዕለት ማታ ለጓደኞቹ ያንን ኩርባ ፈጠረላቸው። ዝናቡንም እሱ ነው ያዘነበው። እናታችን እንዳትቆጣኝ፣ ሠፈሩ እንዳይስቅብኝ። ስንት ጊዜ ተጣላን! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም።»

ያቃናል ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

«ለዚህ ነው እንዳይነካ ያለው?»

«ለዚህ ነው። እኔም እሱ ከሞተ ወዲህ ወደ ጓሮ ባለፍኩ ቁጥር በሸራው ሥር እጄን አስገብቼ እነካት ነበር። ሐኪሙ ገንዘብ የሚከፍልበትን ነገር ይወቅ ብዬ መንገድ ላይ እውነቱን ነገርኩት። ቅር የሚለው መስሎኝ ነበር። ‹እንግዲያው ስርጉዷን ነው የምገዛው፣ መኪናዋን ምርቃት አድርጊልኝ› አለኝ። እሱን እየሳቅን ነው ከዚህ በር የገባነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም እትዬ? ለምን?»

አሁን ገና ድምፅዋ ከፍ አለ። «አልነገርኩህም? አቧራውን ብቻ ጥረግ፣ ሌላ ምንም እንዳትነካ አላልኩህም? ከዚህ በላይ በምን አማርኛ ልንገርህ?»

«ይሉኝታ... ይሉኝታ መስሎኝ።»

«ይሉኝታ! እኔ አፌን ከፍቼ የምናገረው ሁሉ ሌላ ነገር ነው፣ አይደል? በቃኝ ስል ትጨምሩልኛላችሁ፤ አትንካ ስል ትነካላችሁ! ተቃጥያለሁ፣ ገባህ? ቤቱ አይደለም ያቃጠለኝ። ቤትማ ምን አባቱ! ያቺን ነገር ነው የወሰድክብኝ።»

ያቃናል አለቀሰ። ስልሳ የሚደፍን ሰው፣ መዶሻውን እንደያዘ፣ ልጅ ሆኖ አለቀሰ። እሷም አየችው፤ ታናሿ ነው፤ አዝላ አሳድጋዋለች። ዘንቢሏን መሬት ላይ አኖረችው።

«ምን ላድርግ እትዬ? ምን ላድርግልሽ? ገንዘቡ ይመጣል እኮ። ያ ሰውዬ ይገዛል፤ ቤትሽ ይቀርልሻል። እኔ ኃጢአቱን...»

«ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ዋሽቶልኛል» አለች። «እሱ ይበቃኛል። አንተ አትዋሽልኝ። አቃናው።»

«እ?»

«በሩን። አቃናው አልኩህ። አሁን የነገርኩህን አትተርጉም፤ አድርግ።»

አቃናው። የፊተኛው ጊዜ እያንጎራጎረ ነበር፤ አሁን ግን አንዷ ምት ሁለት ዓመት ታስረጀው ነበር። እህቱ ከዘንቢሏ ሽንኩርት አውጥታ እየላጠች እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጠች። ለማን እንደምታለቅስና ለምን እንደምታለቅስ እንዳይታወቅ ሽንኩርቱ ጥሩ ነበር።

ሐኪሙ በሲሶው ዋጋ ወሰዳት። በሩ እንደገና ተመትቶ እንደገና እንደቃናም እህትየው ራሷ ነገረችው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ ከቃሉም አልቀነሰም። ቤቱ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ያቃናል ከጋራዡ ጀርባ ካሉት ሁለት ክፍሎቹ ፀሐይ የሚገባውን አጸዳላት፤ ግድግዳውን ከመቀባቱ በፊት ምን ዓይነት ቀለም እንደምትፈልግ ጠየቃት። «ነጭ» አለችው። ነጭ ቀባው።

መኪናዋ የምትሄድበት ቀን የጭነት መኪናው መንገዱ ላይ ቆመ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መግባት አልቻለም። ሐኪሙ መኪናዋን አስነስቶ ሊያወጣት ሲል እህትየው እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን ስጠኝ ልጄ።»

ሐኪሙ ያቃናልን አየው፤ ያቃናል መሬት አየ። ሐኪሙ ወርዶ ቁልፉን ሰጣት። ገብታ ተቀመጠች፤ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ እንደ ሙሽራ ተገትራ። ሞተሩ ሲነሳ የጎረቤት ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ።

ያቃናል ሮጦ የድንጋዩ ምሰሶ አጠገብ ቆመ። «ወደ ግራ እትዬ! ትንሽ ወደ ግራ! ነይ፣ ነይ፣ ነይ...» እያለ በእጁ ይጠራታል። ድምፁ ይህን ይላል፤ ዓይኑ ግን የቀኙ በር ላይ ነው። በሩና ድንጋዩ ተቀራረቡ፤ አንድ መዳፍ ቀራቸው፣ አንድ ጣት ቀራቸው። የሬሳ መኪና ስርጉድ አይቶ ማለፍ ያቃተው ሰው ያን ጊዜ ልቡ ሌላ ነገር ለመነ፤ አንዴ፣ ምነው አንዴ ብቻ ብታስነካው።

ደህና አድርጋ አወጣቻት። ጭረት እንኳ አልነበራትም።